ውሻ በቀደደው

በረሃ ሲባል የከተማ ሰው አሸዋና ግመል ይታየዋል። የሳይንት ሰው ግን በረሃ ለማየት ደናክል ድረስ መሄድ አያስፈልገውም። ከአጅባር ወጣ ይልና ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ ቁልቁል ይጠቁማችኋል። «ያውና በረሃው» ይላችኋል። በሰሜን በሽሎ፣ በምዕራብ ዓባይ ደጋውን ከርክመውት ወርደዋል። ላይ ገብስ የሚዘራው ገበሬ ጋቢውን ደርቦ ሲንቀጠቀጥ፣ እታች ማሽላ የሚጠብቀው ዘመዱ ሸሚዙን አውልቆ ላቡን ይጠርጋል። በአንድ ጀምበር ከውርጭ ወደ ሐሩር ይወረዳል። እዚያ አገር በረሃ የሚለካው በቁልቁለት ነው።

ድንኳን ተክሎ ማደርም ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። «ካምፒንግ» ብለን ስንጠራው ከፈረንጅ የተበደርነው ይመስለናል እንጂ አያቶቻችን ከእኛ በላይ ያውቁት ነበር። «ከተማ» የሚለው ቃላችን እኮ ድሮ የንጉሥ ወይም የጦር አዛዥ ሠራዊት የሰፈረበት ቦታ ማለት ነበር። «ሰፈር»ም ያው «ሰፈረ» ከሚለው ግስ የመጣ ነው። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ካሳ ሰፈር የምንላቸው የአዲስ አበባ መንደሮች ስማቸውን ያገኙት ከነተከታዮቻቸው እዚያ ሰፍረው ከነበሩ መኳንንት ነው። መኳንንቱ በሰፈሩበት ሁሉ ደግሞ ውሻ አልታጣም፤ ከድንኳኑ ውጭ ሆኖ አጥንት ይጠብቃል፣ ሌሊት ይጮኻል። እንግዲህ አዲስ ነገር አለ ከተባለ፣ አዲሱ ነገር ውሻው ከድንኳኑ ውስጥ መግባቱ ነው።

ይህን እንዳስብ ያደረገችኝ አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ናት። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ከፊተኛው ወንበር የማትጠፋ፣ ክርክር የምትወድ ልጅ ነበረች። አሜሪካ ገብታ ብዙ ዓመት ከኖረች በኋላ በ2011 ዓ.ም. የጥምቀት ሰሞን መጣችና ስልክ ደወለች። «ጋሼ፣ የአያቶቼን አገር ማየት እፈልጋለሁ። በረሃው ውስጥ ድንኳን ተክዬ ማደር አለብኝ። እነሱንም ይዣቸው እሄዳለሁ» አለችኝ። «እነሱ» ያለቻቸው ሁለት ቺዋዋ ውሾች ናቸው። ሁለቱ ተደምረው አንድ ጠቦት አይሞሉም። ለብርዱ ሹራብ፣ ለድንጋዩ ጫማ፣ ለመንገዱ የየራሳቸው የውሃ ሳህን አላቸው።

ወሬውን የሰሙ ወዳጆቼ ሳቁ። አንዱማ «አገሩ በሰው ችግር ተወጥሮ እሷ ውሻ ታዝላለች» አለ። እኔ አልሳቅኩም። ትንሽ ውሻ ማቀፍን ከዲያስፖራ ጋር የመጣ ቅብጠት አድርገን የምናየው ታሪካችንን ስለምንረሳ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሉሉ የሚባል ትንሽ ቺዋዋ ነበራቸው፤ ከጎናቸው ሆኖ የተነሣቸው ፎቶግራፎች ዛሬም አሉ። ያን ጊዜ ማንም አልሳቀም። ደፍሮ የሚስቅ አልነበረም ብል ይሻላል መሰለኝ።

አጅባር ስንደርስ ያሳደሩን የአባቷ አጎት ናቸው፤ ሰባውን ያለፉ፣ ጨዋታ አዋቂ ገበሬ። ውሾቹን ሲያዩ ከበርጩማቸው ብድግ አሉ።

«ልጄ፣ ይኼ ቡችላ ነው ወይስ ያደገ?»

«ያደገ ነው አባባ። ስምንት ዓመቱ ነው።»

«ስምንት ዓመት ሙሉ ሲበላ ኖሮ ይኼን ነው ያከለው?»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ለጥየቃ የመጡት ሙስሊም ጎረቤት ዉዱእ እንዳላቸው ተናግረው በትሕትና ፈንጠር ብለው ተቀመጡ። የቤቱ እመቤት ደግሞ ቡና እያፈሉ፣ ውሾቹ ሥዕለ አድኅኖ ወደተሰቀለበት ጥግ እንዳይሄዱ በዓይናቸው ይከታተሉ ነበር። በወሎ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ብዙ ነገር ይጋራሉ፤ ከሚጋሩት አንዱ የውሻ ቦታው ደጅ ነው የሚለው ሐሳብ ነው። ማንም ግን ክፉ ቃል አልተናገረም። እንግዳ የያዘው ውሻም እንግዳ ነው።

ተማሪዬ ሰዎቹ የሰጉ መሰላትና ከቦርሳዋ አንድ ደብተር አወጣች። የውሾቹ የክትባት ደብተር ነው። የተከተቡበት ቀን፣ የሐኪሙ ፊርማ፣ ማኅተም፣ ሁሉም በየመስመሩ ሰፍሯል። «ይኸው አባባ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባታቸውን በየጊዜው ወስደዋል።» ሽማግሌው ደብተሩን ተቀብለው አገላበጡት፤ በአክብሮት መለሱላት። ከዚያ ዓይናቸው ወደ አጥሩ ሄደ። እዚያ መከታ ተኝቷል። መከታ የቤቱ ውሻ ነው። ግራ ጆሮውን ጅብ ዘንጥሎታል፣ ጎኑ ላይ የድንጋይ ጠባሳ አለ።

«የኔ ወረቀት የለውም» አሉ።

«መርፌ ተወግቶ ያውቃል?» አልኳቸው።

«አንቱ ደግሞ፣ እሱን ማን ይይዘዋል? ለበሬዎቼ ባለሙያ መጥቶ ያውቃል። ለውሻ ብሎ የመጣ ግን አላየሁም።»

በማግስቱ ጀምበር ሳይበረታ ወደ በሽሎ መውረድ ጀመርን። የሽማግሌው የልጅ ልጅ በቅሎዋን እየሳበ ይመራናል፤ መከታም ማንም ሳይጠራው ተከተለ። ረፋዱ ላይ ድንጋዩ መጋል ሲጀምር የሁለቱ ቺዋዋዎች ምላስ ተጎልጉሎ ወጣ። ውሻ እንደ እኛ በገላው ሙሉ አያልብም፤ የሚያልበው በመዳፉ ሥር በጥቂቱ ነው፤ ሙቀቱን የሚያስወጣው በዋናነት በማለክለክ ነው። አየሩ ራሱ ሲግል ማለክለኩም አይበቃውም። ትንሽ ውሻ ደግሞ ሆዱ ለመሬት ቅርብ ስለሆነ ከላይ ፀሐይ፣ ከታች ድንጋይ ይጠብሱታል። አፍንጫቸው የተደፈጠጠ ዘሮችማ ይብስባቸዋል። ስለዚህ ውሻውን ይዞ ቆላ ለመውረድ የሚያስብ ሰው በማለዳና በማታ ብቻ ይሂድ፣ በቀትር ጥላ ይፈልግ፣ የራሱን መዳፍ መሬቱ ላይ አኑሮ ይለካ። ለእጁ ያቃጠለው መሬት ለውሻው እግርም ያቃጥላል። ተማሪዬ ይህን ሁሉ ታውቃለች። ሁለቱንም አንሥታ በነጠላ አዝላ ወረደች። ከቆላ ወደ ገበያ የሚወጡ ሴቶች አዩዋት፤ ሕፃን መስሏቸው «እግዜር ያሳድግልሽ» ብለው አለፉ። አሜን አለች።

ልጁ ድንኳን የምንተክልበትን ቦታ ሲመርጥልን ከገደሉ ሥር አራቀን። «ነብር ከፍየል ይልቅ ውሻ ይወዳል» አለን። እውነቱን ነው፤ ነብር ውሻ አዳኝ መሆኑን የሚያውቀው የሳይንት እረኛ ብቻ አይደለም፣ በአፍሪካም በእስያም ነብር ያለበት አገር ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል። ትንሾቹ ውሾች ከነማሰሪያቸው ድንኳን ገቡ። ስሊፒንግ ባጉ ውስጥ ተቀብረው አፍንጫቸው ብቻ ታየ።

እኩለ ሌሊት ላይ ጅብ አስገመገመ። መከታ ከተኛበት ተነሣ። ወደ ጨለማው ሄደ፣ ጮኸ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ። የጅቡ ድምፅ ወደ ወንዙ ራቀና ጠፋ። ይኼን ጊዜ ነው ድንኳኑ ውስጥ ሁለት ቀጫጭን ድምፆች የተነሡት። የልጁ ሳቅ ገደሉን አስተጋባ፤ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!» አለ። ተማሪዬም ድንኳኗ ውስጥ ሆና ስትስቅ ሰማኋት። ጠዋት ላይ ግን አልሳቀችም። ከአሜሪካ ያመጣችውን የቆርቆሮ ምግብ ከፍታ ለመከታ ሰጠችው። መከታ አሸተተ፣ ፊቷን አየ፣ በላ። ማታውን ድንኳኗ ደጃፍ ተኛ። ውሻ በበላበት ይጮኻል የተባለው ለስድብ ይሁን ለምስጋና ተማሪዎቼን ስጠይቃቸው ኖሬአለሁ። በዚያች ሌሊት ምስጋና ነበር።

ጭቅጭቁ የመጣው ከበረሃው ወጥተን ወደ ደጋው ስንመለስ ነው። በቦረናና በሳይንት መካከል፣ ከመካነ ሰላም ብዙም ሳይርቅ፣ የደንቆሮ ጫካ አለ። ስሙ ቢያስቅም ውበቱ አፍ ያስከፍታል። በ2001 ዓ.ም. የክልሉ መንግሥት የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ብሎ ከልሎታል። ጭላዳ ዝንጀሮ፣ ሰስ፣ የምኒልክ ድኩላ፣ ነብር ይኖሩበታል። ከላይ አስታው፣ ጅብራውና ጓሳው በሚበቅልበት ውርጫማ ቦታ ደግሞ ቀይ ቀበሮ ይኖራል። ተማሪዬ ሁለቱን ቺዋዋዎችና መከታን አስከትላ ልትወጣ ተነሣች። እኔ ደግሞ «ውሾቹ ከዚህ አያልፉም» አልኳት።

«ክትባት አላቸው እኮ ጋሼ! ደብተሩን አይተኸዋል።»

«አይቼዋለሁ። የመከታን ግን አላየሁም።»

ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የትም የለም። በዓለም ያለው አዋቂ ቀይ ቀበሮ ተቆጥሮ 500 አይሞላም፤ እሱም ተራሮቹ አናት ላይ ተበታትኖ የቀረ ነው። ግማሽ የሚበልጠው በባሌ ነው፤ በስሜንና በወሎ ደጋዎች ያለው በየተራራው ጥቂት ጥቂት ነው። ከጮቄና ከጉና ጭራሹን ጠፍቷል። እርሻው ወደ ላይ በወጣ ቁጥር መኖሪያው እየጠበበ መጣ። ይህ የታወቀ ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ከጠመንጃም ከማረሻም በላይ በአጭር ጊዜ የሚፈጀው የውሻ በሽታ መሆኑን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1992 ባሌ ውስጥ የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ ፈጃቸው። በ2003 እንደገና ገባና በዌብ ሸለቆ ከሚታወቁት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉ አለቁ። በ2005ና 2006፣ በ2010፣ በ2015 ደግሞ ዲስቴምፐር የሚባለው ሌላው የውሻ በሽታ ተራውን ወሰደ። ቀይ ቀበሮ አይጡን የሚያድነው ብቻውን ቢሆንም የሚኖረው ከቤተሰቡ ጋር ነው፤ ሲገናኙ ይላላሳሉ፣ ይሻሻሉ። ለበሽታ ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም። ባሌ ብዙ ስላለ ከሞት የተረፈው ተራብቶ ቦታውን ሞላ። እንደ ወሎ ጥቂት ባለበት ተራራ ግን አንድ የታመመ ውሻ አንድ ቀን መዋሉ ይበቃል።

«የኔዎቹ አይታመሙም፣ አያስተላልፉም» አለች። ስለ እብድ ውሻ በሽታ ከሆነ እውነቷን ነው። ነገር ግን ውሻ ይዞት የሚሄደው አንድ በሽታ ብቻ አይደለም፤ ሽታውና ጩኸቱም የዱር እንስሳ ያባርራል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የሷን ውሾች ያየ ሌላ ጎብኚ ነገ የራሱን ይዞ ይመጣል፤ እሱ ደብተር ይኑረው አይኑረው ማን ያጣራል? ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይላል ያገራችን ሰው። ውሻው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ቀዳዳው ግን ቀዳዳ ነው። ተማሪዬ ቃል ሳትመልስልኝ ውሾቹን ከሽማግሌው ሚስት ዘንድ አስቀመጠች። መከታም በግድ ታሰረ። እስከ ፓርኩ ድረስ ኩርፊያዋ አልለቀቃትም።

ጎህ ሲቀድ ጓሳው ውስጥ አንድ ቀይ ቀበሮ አየን። ከሩቅ ነው፤ አንገቱን ዝቅ አድርጎ እንደ ድመት እያደባ ይራመዳል። ዘለለ፣ አይጥ ያዘ፣ ዋጠ። ተማሪዬ እጄን ጨበጠችኝ። ኩርፊያው እዚያ ላይ አበቃ። ወዲያው ግን ከማዶ ፉጨት ተሰማ። እረኛ በጎቹን እየነዳ ወጣ፤ ከኋላው ሁለት ውሾች ይከተሉታል። ቀበሮው ቀና ብሎ አያቸውና በሸንተረሩ ተሰወረ። ውሾቹ ቀበሮው ቆሞ የነበረበት ቦታ ደርሰው ሣሩን አሸተቱ፣ እግራቸውን አንሥተው ሸኑበት።

ሁለታችንም ዝም አልን። ሹራብ የለበሱትን፣ የተከተቡትን፣ ደብተር ያላቸውን ውሾች አጅባር አስቀርተን ወጥተናል። ያልተከተቡት ግን ከእኛ በፊት እዚያ ነበሩ፤ ከእኛ በኋላም ይኖራሉ። እረኛውን ምን እንለዋለን? ያለ ውሻ በግ ጠብቅ? ጅቡስ?

መፍትሔው እረኛውን ማባረር ውስጥ የለም። መፍትሔው መርፌ ነው። ሉዊ ፓስተር የመጀመሪያውን ሰው ከዚህ በሽታ በክትባት ያዳነው እ.ኤ.አ. በ1885 ነው። ይኸው ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው በሽታው አሁንም በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው ይገድላል፤ በሰው ላይ ከሚደርሰው 99 በመቶው የሚመጣው በውሻ ነው። ከሚነከሱት 40 በመቶ ያህሉ ደግሞ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። ከመታየቱ በፊት ግን መዳን ቀላል ነው፤ ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ተቋም ሄዶ ክትባቱን መጀመርና መጨረስ። በየገጠሩ ስንት ሰው የሐበሻ መድኃኒት ሲጠጣ ቀኑ ያልፍበታል። ጸበሉንም የሚሻ ይጠመቅ፤ ክትባቱን ግን አያስቀር።

በአንድ አካባቢ ካሉ ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ በሽታው መተላለፊያ አጥቶ ይቆማል። የሰው ልጅም፣ ቀይ ቀበሮውም የሚድኑት በዚያው በአንድ መርፌ ነው። ለቀበሮው እንኳ ዘዴ ተገኝቶለት፣ ከጉዟችን ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2018፣ በባሌ ተራሮች በሥጋ ውስጥ የተደበቀ የአፍ ክትባት መስጠት ተጀምሮ ነበር። ለመከታ ግን ሥጋውም መርፌውም አልደረሰውም።

ተማሪዬ ከአጅባር ሳትወጣ አንድ የእንስሳት ጤና ባለሙያ አፈላልጋ አመጣች፤ ሒሳቡን ራሷ ከፈለች። ሽማግሌው «እሱን ማን ይይዘዋል?» ያሉት ጥያቄ መልሱ ልጆቹ ሆኑ። የመንደሩ ልጆች እያንዳንዱን ውሻ በስሙ ያውቁታል፤ አንገቱን አቅፈው ይይዙታል፣ ጆሮው ሥር እያከኩ ያስወጉታል። መጀመሪያ የሚነከሱት እነሱ የሚሆኑትም ለዚሁ ነው። መከታን ጨምሮ 11 ውሾች ተከተቡ። ከመንደሩ ውሻ ብዛት አንጻር ጥቂት ነው፤ በየጊዜውም መደገም አለበት። ባለሙያው ለመከታ የጻፈለትን ወረቀት ሽማግሌው አጣጥፈው ከግብር ደረሰኞቻቸው ጋር ሳጥን ውስጥ ከተቱት።

ከዚያ ወዲህ ወሎ ብዙ አይታለች። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ድረስ ሲመጣ ድንኳን ለስንቱ ቤተሰብ መጠለያ ሆነ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የተነሣው ግጭት ደግሞ ያን የመሰለ ጉዞ የሚታሰብ አላደረገውም። ሰው ሲሸሽ ውሻ ይቀራል። ባለቤት ያጣ ውሻ ይርበዋል፣ ይንከራተታል፣ ከሌላው ጋር ይናከሳል፤ ክትባት የያዘ ባለሙያም መንገድ ሲዘጋበት አይደርስም። ጦርነት የሚገድለውን ስንቆጥር ይህን የሚቆጥር የለም።

ሰላም ሲሆን ድንኳኑን ይዛችሁ ትወርዱ ይሆናል፤ ሄዳችሁም እዩት እላለሁ። ትንሽ ውሻችሁንም አትተዉት፤ ጥላ፣ ውሃና ማሰሪያ ካለው ቆላው አይከፋውም። ጓሳው ጋ ስትደርሱ ግን ከታች አስቀሩት። እንዲሁም ያረፋችሁበት ቤት አጥር ሥር የተኛውን፣ ማንም የማያቅፈውን፣ ሌሊት እናንተን ሲጠብቅ ያደረውን ውሻ ስሙን ጠይቁና የአንድ መርፌ ሒሳብ ክፈሉለት። ለጉዞው ከገዛችሁት ድንኳን ዋጋ ጋር ሲተያይ ከቁጥር የሚገባ አይደለም።